የእማዬ ኩላሊት ስንት ዓመቱ ነው?

የእማዬ መታወቂያ 56 ዓመቷ ነው ይላል። አክስቴ በዚህ አትስማማም። በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ እማዬ ጡት ትጠባ ነበር ትላለች። በእሷ ስሌት ከሄድን በ2014 ዓ.ም.፣ ይህ ሁሉ ነገር ሲጀመር፣ 61 ሞልቷታል። ለሌላ ጉዳይ ቢሆን የአምስት ዓመት ልዩነት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኛ ቤት ግን ለወራት ያጨቃጨቀን ይኸው ቁጥር ነው። ታናሽ ወንድሜ ኩላሊት ያስፈልገው ነበር፤ ሊሰጡት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ እማዬ ናት። ሌላዋ የ23 ዓመቷ ታናሽ እህታችን።

ስማቸውን አልጽፍም። ቤት ውስጥ በምንጠራቸው አቡሽ እና ሚጡ እላቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኛ "ከእናት ወይስ ከወጣቷ?" ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጣና የሚያወርድ ቤተሰብ ዛሬም እንዳለ ስለማውቅ ነው። እኛ ያኔ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳን ሰው እስክናገኝ ብዙ ተንከራተናል።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አቡሽ 29 ዓመቱ ነበር። ራሴን ያመኛል ይል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ያብጣል። እንቅልፍ ስለማይተኛ ነው አልን። አንድ ማታ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። መውጣት አቅቶት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሐኪም ቤት ስንደርስ የደም ግፊቱ 190 በ110፣ ክሬቲኒኑ 14 ሆኖ ተገኘ። ክሬቲኒን ማለት ከጡንቻ በየቀኑ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት አጣርቶ ካላስወጣው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጤነኛ ሰው ላይ 1 አካባቢ ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ተጨማደው አንሰዋል። ምን እንደጎዳቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኩላሊት ሳያሳምም ነው የሚያልቀው።

የኩላሊት እጥበት ጀመረ፤ ደሙ በማሽን ይጣራል ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት መሆን ነበረበት። የኛ አቅም ሁለት ጊዜ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስተን፣ በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዘን ወደ መሀል ከተማ እንገባለን። መመለሻው ይብሳል። እጥበት የወጣ ሰው እግሩ ውሃ ይሆናል፤ አራት ፎቅ ደግሞ ሊፍት የለውም። በየፎቁ እያረፍን ስንወጣ ጎረቤት በር ከፍቶ ወንበር ያወጣልን ነበር።

እኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ያኔ ኩላሊቱ ይገኝ የነበረው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን ይስጥ?" ነበር። እኔ የበኩር ልጅ ነኝና ቀድሜ ተሰለፍኩ። አልሆነም። አቡሽ የደም ዓይነቱ ኦ ነው፤ ከኦ ብቻ ነው የሚቀበለው። እኔ በአባቴ ወጥቼ ቢ ነኝ። በዚያው ቀን ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ፣ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒት ላይ ነኝ። አባታችን ካረፉ ቆይቷል። እማዬና ሚጡ ሁለቱም ኦ ናቸው።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ጀመረ። እማዬ ምንም ሳታስብ "እኔ አለሁ" አለች። ሚጡም "እኔ አለሁ" አለች። አቡሽ ማንንም አልፈልግም አለ። ቡና ላይ የሚመጡ ጎረቤቶች ደግሞ በቅን ልቦና፣ "ያረጀ ኩላሊት ስንት ዓመት ሊያገለግለው ነው? የወጣቷ ይሻላል" ይላሉ። አነጋገራቸው ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ውስጤ እንደዚያ ያስብ ነበር።

የእማዬ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ይህንኑ ያረጋገጠ መሰለን። የ24 ሰዓት ሽንት አጠራቅሚ ተባለች። ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጄሪካን፣ ዘይት የነበረበት፣ አጥባ አጥባ አጸዳችው። በረንዳ ላይ ከውሃ ጄሪካኖቹ ለይታ፣ በነጠላ ሸፍና አስቀመጠችው። በማግስቱ ይዘን ሄድን። አንድ የግል ላቦራቶሪ ውጤቱን አወጣ፦ የማጣራት አቅሟ በደቂቃ 55 ሚሊ ሊትር። ወረቀቱን ያየው ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ "ዕድሜ ነው፣ የማጣራት አቅሙ ከ60 በታች የሆነ ሰው ለጋሽ አይሆንም፣ ልጅቷን አምጡ" አለን። በቃ። እማዬ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ማታ ላይ ሚጡ ናት የጠረጠረችው። "እማዬ፣ ያን ቀን ኪዳን አልሄድሽም?" አለቻት። ሄዳለች። ኪዳን ከዚያም ቅዳሴ፣ ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ቤት አልነበረችም። እዚያ ሁለት ጊዜ ተጸዳድታለች። "እና ጄሪካን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ልግባ?" አለች፣ ተቆጥታ። ከሰዓት በኋላም ሰፈር ለቅሶ ደርሳ ነበር። ከ24 ሰዓቱ ሽንት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጄሪካኑ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

በኋላ የንቅለ ተከላ ክትትሉን የያዘው የኩላሊት ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ወዲያው ያወቀው ይህንኑ ነው። እማዬ 60 ኪሎ ናት። ጄሪካኑ ውስጥ የነበረው ክሬቲኒን በጠቅላላ 560 ሚሊ ግራም ነበር። የሰው ጡንቻ በቀን የሚያመርተው ክሬቲኒን ብዙም ከፍ ዝቅ አይልም፤ ለእሷ ክብደት ይህ በጣም ያንሳል። ደሟ ላይ ያለው ደግሞ 0.7 ነው፣ ጥሩ ቁጥር። "ኩላሊቱ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ደሙ ይነግረን ነበር፤ እዚህ የጎደለው ሽንቱ ነው" አለን። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ፣ "እናቴ፣ ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ይድፉት፣ ሰዓቱን ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ በዚያው ሰዓት አንድም ጠብታ እንዳይቀር፣ ከቤትም አይውጡ" አላት። አልወጣችም። ሁለተኛው ውጤት፦ 900 ሚሊ ግራም ክሬቲኒን፣ የማጣራት አቅም 89።

ከ55 ወደ 89። ያው ሴት፣ ያው ኩላሊት። ልጅቷን አምጡ የተባልነው በጎደለ ጄሪካን ነው። ስለዚህ ቤተሰባችሁ ውስጥ ለጋሽ የሚመረመር ካለ ይህን የ24 ሰዓት ነገር እንደ ቀላል አትዩት። የተጠራቀመው ሙሉ መሆኑን ጠይቁ። የማይመስል ቁጥር ከመጣ ይደገም በሉ።

አሁን ወደ ዕድሜው። ዕድሜ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። በጣም ነገር ነው። ኩላሊት የተሠራው ኔፍሮን ከሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ነው፤ በአማካይ በአንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ። ሁሉም የሚሠሩት እናት ማህፀን ውስጥ ነው፣ ከተወለድን በኋላ አንድም አይጨመርም። አሜሪካ ውስጥ በጤነኛ ለጋሾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉት በአንድ ኩላሊት 990 ሺህ ገደማ ደህና ኔፍሮን ሲኖራቸው፣ ከ70 እስከ 75 ያሉት 520 ሺህ ገደማ ብቻ ነበራቸው። ሁሉም ጤነኞች ናቸው፣ ተመርምረው ያለፉ ናቸው። ግማሹ ግን በዕድሜ ብቻ ሄዷል። የማጣራት አቅምም ከ40 ዓመት ወዲህ በግምት በዓመት አንድ አንድ ነጥብ ይቀንሳል።

ስለዚህ ጎረቤቶቻችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የእማዬ ኩላሊት ከሚጡ ኩላሊት ያነሰ ስንቅ ይዞ ነው የሚሄደው። ዓለም አቀፉ የለጋሾች መመሪያም የማጣራት አቅም 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሁን፣ ከ60 በታች ከሆነ አይሁን፣ መሀል ላይ ያለው በየሰው ይታይ ይላል። እማዬ በአንድ ነጥብ መሀል ላይ ወደቀች። "በየሰው ይታይ" ማለት ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ፣ ክብደቷ፣ ሁሉም ተደምሮ ማለት ነው። ግፊቷ 128 በ78፣ ስኳር የለም፣ ፕሮቲን የለም። ሐኪሙ መታወቂያውን ወደ ጎን አደረገው። 56 ይሁን 61፣ የምንሰጠው መታወቂያውን አይደለም አለ።

ቀጥሎ የነገረን ነገር ግን የእኔን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ገለበጠው። እስከዚያ ድረስ ስናስብ የነበረው ስለ አቡሽ ብቻ ነበር፣ የትኛው ኩላሊት ለእሱ ይሻላል ብለን። ሐኪሙ ደግሞ ስለ ሚጡ ጠየቀን። አግብታለች? ልጅ አላት? መውለድ ትፈልጋለች? እሷው ራሷ መለሰች፣ አላገባሁም፣ አዎ እፈልጋለሁ ብላ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት አለ። ኩላሊት ከሰጡ በኋላ ያረገዙ ሴቶችን ካልሰጡ ጤነኛ ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ወይም ከዚያ የከፋው ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከሰጡት 11 በመቶው ላይ፣ ካልሰጡት 5 በመቶው ላይ ታይቷል። አብዛኞቹ በሰላም ወልደዋል፤ አደጋው ግን በእጥፍ ይጨምራል። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከ10 ሺህ ለጋሾች መካከል በ15 ዓመት ውስጥ 31 ያህሉ ራሳቸው ኩላሊታቸው ደክሟል። ከ10 ሺህ ተመሳሳይ ጤነኛ ሰዎች ግን 4 ያህሉ ናቸው። ትንሽ ቁጥር ነው፣ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ግን 15 ዓመት ለእማዬና ለሚጡ አንድ አይደለም። እማዬ ከ15 ዓመት በኋላ 76 ትሆናለች። ሚጡ 38። ስኳርና ግፊት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በአንድ ኩላሊት የምትጋፈጣቸው ሌላ 40 ዓመት ይቀራታል። የ61 ዓመት ሰው ሊመጣበት የነበረው በሽታ አብዛኛው እስካሁን መጥቶ ይታይ ነበር። የ23 ዓመት ሰው ግን ዛሬ ጤነኛ መሆኑ ስለ 50 ዓመቱ ብዙ አይናገርም።

ወጣት አይስጥ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ በተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለመንትያው የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ 23 ዓመቱ ነበር፣ ልክ የሚጡ ዕድሜ። እስከ 79 ዓመቱ ኖሯል። እኛ ፊት የነበረው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ብቁ የሆነች እናት እያለች ወጣቷ ትቅደም ወይ?

ለአቡሽስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይገባን ቆይቶ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሟቾች የሚገኝ ኩላሊት 65 እና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሕሙማን ይሰጣል፤ ያረጀ ለአረጀ ይሉታል። ይህን ኢንተርኔት ላይ ያነበበው አቡሽ ራሱ ነው፣ "አየህ፣ ለወጣት አይሆንም ማለት ነው" አለኝ። ሐኪሙ ሲያስረዳን ግን ያ ስለ ሟቾች ኩላሊት ነው። የሟች ኩላሊት ወጥቶ በረዶ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል፣ ያረጀ ኩላሊት ደግሞ ያን ቅዝቃዜ አይወድም። የእማዬ ግን ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ጎን ያለው ክፍል ነው የሚገባው። በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ የ60 ዓመት ኩላሊት በአጠቃላይ ሲታይ ከሟች ከተገኘ ደህና ኩላሊት አይተናነስም። እኛ አገር ደግሞ የሟች ኩላሊት ምርጫ ውስጥም አልነበረም። የአቡሽ ሌላኛው ምርጫ ሳሪስ ላይ ታክሲ መጠበቅ ነበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እየከሳ።

የ29 ዓመት ሰው ግን በአንድ ኩላሊት ዕድሜውን አይጨርስም። በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ 15፣ 20 ዓመት ያገለግላል፤ የእማዬ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ሁለተኛ ያስፈልገዋል። የእማዬ አሁን፣ ሚጡ ያኔ ወልዳ ከሆነና ጤነኛ ከሆነች የዚያን ጊዜ ትታሰባለች፤ ሐኪሙ ያቀረበልን ስሌት ይህ ነበር። የእማዬ ኩላሊት ከ15 ዓመት በኋላ አይሰጥም። የሚጡ ይሰጣል።

ስሌቱ ግን ቀዳዳ አለው፣ እሱንም አልደበቀንም። የሕብረ ሕዋስ ምርመራው፣ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት ምልክት ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያየው፣ እማዬም ሚጡም ከአቡሽ ጋር ግማሽ በግማሽ እንደሚገጥሙ አሳይቷል። እናት ሁልጊዜ ግማሽ ናት። እህት ሙሉ፣ ግማሽ ወይም ባዶ ልትሆን ትችላለች፤ ሚጡ ሙሉ ብትሆን ኖሮ ንግግሩ ሁሉ ይቀየር ነበር። ሚጡ ከአቡሽ ጋር የምትጋራው ግማሽ ከአባታችን የመጣው ነው። ከእማዬ የወረሰችው ግማሽ አቡሽ ያልወረሰው ነው። የአቡሽ ሰውነት የእማዬን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ካመረተ፣ ያው ፀረ እንግዳ አካል የሚጡንም ኩላሊት ያጠቃል። ማለትም የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ በመጥፎ ከከሸፈ የሁለተኛውን በር ሊዘጋ ይችላል። ይህን ሰምተን አንድ ሳምንት ዝም አልን።

የወሰነችው እማዬ ናት። ማታ እራት ላይ፣ "እኔ ወልጃለሁ፣ ኖሬያለሁ፣ በልቻለሁ። ይቺ ገና ናት" አለች። አቡሽ እንጀራውን ትቶ ተነሳ፣ በረንዳ ላይ ቆመ። ተከትላው ወጣች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በማግስቱ ፈርሙ ያሉትን ፈረመ።

ቀዶ ጥገናው በአንድ ቀን ተሠራ። የእማዬ የግራው ነው የተወሰደው፤ የግራው ደም ሥር ስለሚረዝም ለማያያዝ ይመቻል። ሐኪሙ ወጥቶ ገና ደም እንደገባበት ሽንት ጀመረ አለን፣ ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከች። የአቡሽ ክሬቲኒን ከ9.8 ወርዶ በሳምንቱ 1.7 ደረሰ። ከዚያ 1.5 ላይ ቆመ። አልወርድ አለ።

እዚህ ላይ በጣም ደነገጥን። አጠገቡ የተኛው ልጅ ከ25 ዓመት ወንድሙ ነው የወሰደው፣ የሱ 1.0 ነው። ያው፣ ጎረቤቶች ያሉት ደረሰ አልን። ሐኪሙ ግን የጠበቀው ይህንኑ ነበር። እማዬ ሁለት ሆነው 89 የሚያጣሩ ኩላሊቶች ነበሯት፤ አንዱ ወደ 45 ነው። 72 ኪሎ ጎልማሳ ውስጥ ገብቶ እንደ ምንም ጎልብቶ 60 ገደማ ደረሰ። "ከጎረቤት አልጋ ጋር አታወዳድሩት፣ ከራሱ ከትናንቱ ጋር አወዳድሩት" አለን። ለዕለት ኑሮ 60 ይበቃል። አራት ፎቁን ያለ ወንበር ወጣ። ዘግይቶ የተለቀቀው እሱ ነው፤ እማዬ በአምስተኛ ቀኗ ቤት ገብታ ነበር፣ ወንበሮቹ ለእሷ ወጡ።

የዕድሜው ነገር አንድ ጊዜ ብቻ በግልጽ ታየን። በአምስተኛው ወር አቡሽ ክፉኛ ተቅማጥ ያዘው፣ ክሬቲኒኑ 2.1 ገባ። ኩላሊቱን ሰውነቱ ገፋው ብለን አለቀስን። ሲመረመር ግን ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚወስደው ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት ደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር። ተቅማጥ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ያረጀ ኩላሊት ደግሞ ለዚህ ጉዳት የበለጠ ስስ ነው። ወጣት ኩላሊት ሊችለው የሚችለውን የእማዬ አልቻለም። መጠኑ ተቀነሰ፣ ፈሳሽ ተሰጠው፣ በሁለት ሳምንት ወደ 1.5 ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሆዱ ትንሽ ከተበላሸ ቁጭ ብለን አንጠብቅም፣ በዚያው ቀን እንሄዳለን።

አሁን ሦስት ዓመት አልፏል። የአቡሽ 1.6 ነው። ስልኩ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ የትም ይሁን መድኃኒቱን ይውጣል፣ ሥራም ተመልሷል። የእማዬ ክሬቲኒን ከ0.7 ወደ 1.0 ወጥቶ እዚያው ረግቷል። በየዓመቱ ግፊቷና ሽንቷ ይታያል። የቀረው ኩላሊት የሌላውን ሥራ በከፊል ይዟል። ኪዳን አሁንም አትቀርም።

ሚጡ አግብታ ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፣ ግፊቷ አንድም ቀን ከፍ አላለም። ክርስትናው ላይ አቡሽ ሕፃኗን አቅፎ ሚጡን፣ "አንቺን መቼም አልጠይቅሽም፣ እወቂው" አላት። ሚጡ ልጇን ከእጁ ተቀብላ፣ "እስክትጠይቀኝ ማን ይጠብቅሃል?" አለችው። እማዬ ሰማቻቸውና ሁለቱንም ተቆጣቻቸው።